የቲሸርት ማድረቂያውን ማስረዘም ወይስ ማራገቢያ መግጠም?

በባሕር ዳር፣ አንድ ሜትር የሙቀት ክፍል ባለው ባለ ቀበቶ ማድረቂያ (የታተመው ልብስ በሚጓዝ ቀበቶ ላይ ሆኖ ሙቀት ውስጥ የሚያልፍበት) የሚሠራ ህትመት ቤት ፕላስቲሶል ከተባለው ፕላስቲክ ነክ ቀለም ወደ ውሃ ወለድ (በውሃ የተበጠበጠ) ቀለም ሲሸጋገር፣ ወይ ክፍሉን በአንድ ሜትር አስረዝሞ ሂተር መጨመር፣ ወይ ባለው ክፍል ላይ ትኩስ አየር የሚነፍስ ማራገቢያና የእንፋሎት መውጫ መግጠም ይችላል።

ፕላስቲሶል ውሃ ስለሌለው መላው ቀለም 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይበስላል፣ ማለትም ጠጥሮ ጨርቁ ላይ ይጸናል፤ ውሃ ወለዱ ግን ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ወደዚያ አይወጣም። ልብሱ ሁለት ደቂቃ በሙቀት ውስጥ መቆየት ካለበት፣ በአንድ ሜትሩ ክፍል ቀበቶው በደቂቃ ከግማሽ ሜትር በላይ መጓዝ የለበትም፤ ክፍሉ ሁለት ሜትር ሲሆን ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ ይቻላል። የማስረዘም ትልቁ ብልጫ ይኸው ነው። ይሁንና 6 ኪሎዋት ተጨማሪ ሂተር በ220 ቮልት 27 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ያለው ቤት መስመሩን በባለሙያ ሳያስፈትሽ ሊደፍረው አይገባም።

ማራገቢያው የሚወስደው ኃይል በንጽጽር ጥቂት ነው። በጨርቁ ላይ የተኛውን እርጥብ አየር ገፍቶ ስለሚያነሳ ትነቱን ያፋጥናል፤ በክረምት፣ የጣና ዳር አየር በእርጥበት ሲከብድና ቲሸርቱ ራሱ ረጠብ ብሎ ሲመጣ፣ ጥቅሙ ይጎላል። መውጫ ከሌለው ግን ያንኑ እንፋሎት መልሶ ያዞራል፤ መውጫው ከልክ በላይ ከሰፋ ደግሞ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል።

በእኔ አስተያየት ትእዛዙ መካከለኛ ለሆነ ቤት ማራገቢያው ይቅደም፤ ማስረዘሙ የሚያዋጣው ቀበቶው ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ለሚሠራበት ቤት ነው።