ለሁለቱም ቻናል አንድ ኢኳላይዘር ወይስ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ?

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን በኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፆችን መጠን በሚያመጣጥን ፕሮግራም) ሲያስተካክል ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንዱ ለግራና ለቀኝ ቻናል (ወደ ግራውና ወደ ቀኙ ስፒከር ለሚሄደው ድምፅ) ተመሳሳይ ማስተካከያ መስጠት ሲሆን፣ ሌላው እያንዳንዱን ለብቻው ማረም ነው።

የጋራው ማስተካከያ ቀላል ነው፤ የስፒከሩን ጠባይ ለማረም ወይም ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) እንደ ምርጫ ለመጨመርና ለመቀነስ ይበቃል። ክፍሉ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚፈጥረውን ልዩነት ግን አይፈታም። ጎንደር ውስጥ ግድግዳው ወፍራም በሆነ የድንጋይ ቤት፣ አንዱ ስፒከር ማዕዘን ላይ ተጠግቶ ሌላው ክፍት በር አጠገብ ሲቀመጥ፣ በማዕዘኑ በኩል ባሱ ጎልቶ ይወጣል፤ ይህንን በጋራ ብንቀንሰው ደህና የነበረው ጎን ይሳሳል።

እዚህ ላይ ለየብቻ ማስተካከል ግልጽ ብልጫ አለው። በዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ፣ በሊኑክስ ላይ ኢዚ ኢፌክትስ የተባሉት ፕሮግራሞች ይህንን ያለ ክፍያ ያስችላሉ፤ ለምሳሌ በግራው ቻናል ብቻ 80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ በ5 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) መቀነስ ይቻላል። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በቀጫጭን ድምፆች ላይ ነው፤ ከ1500 ኸርዝ ገደማ በላይ የድምፅን አቅጣጫ በዋናነት የምንለየው በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ባለው የድምፅ ኃይል ልዩነት ስለሆነ፣ በዚያ ክልል ግራና ቀኙን በዘፈቀደ ማለያየት ከመሐል ይሰማ የነበረውን ማሲንቆ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው በቅድሚያ ሁለቱን ስፒከሮች ከግድግዳው እኩል ማራቅን፣ ቀጥሎም ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ለየብቻ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን በጋራ ማስተካከልን ነው።