ሽንት ቤት ማስመጠጥ ለምትፈልጉ፣ ይህን ሾፌር እወቁልኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሪስ አቦ ያለው የእናቴ ግቢ ከነተከራዮቹ 11 ሰው ይኖርበታል። ነሐሴ ላይ ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ በክዳኑ ዙሪያ መውጣት ጀመረ። ከሁለት ወር በፊት እኮ ነው ያስመጠጥነው! ያኔ የመጣው መኪና ከላይ ያለውን ውሃ ብቻ መጥጦ ነው የሄደው፣ ከስር የረጋው ጭቃ እንዳለ ቀርቷል።

በጎረቤት ጥቆማ አሁን የማመሰግነው ሾፌር ከረዳቱ ጋር መጣ። ቅያሷ ጠባብ ስለሆነች መኪናው አይገባም፣ የመምጠጫውን ጎማ እየቀጣጠሉ እስከ ጓሮ ሳቡት። ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ እንዲናፈስ አደረገ፣ ሲጋራ የያዘውን ተከራያችንን ደግሞ በትህትና ከግቢ አስወጣው። እዚያ ውስጥ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ አለ።

ከስር ያለው ግን ደርቆ እንቢ አለ። ሰፈር ውስጥ ጉልበት ሥራ የሚሠራ ልጅ «እኔ ገብቼ በባልዲ ላውጣው» አለ። እኛም ልንስማማ ነበር። ሾፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ እኔ ባለሁበት ማንም ሰው አይገባም» አለኝ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ጭራሽ ማሽተት ያቆማል፣ ሰው ደህና ነኝ እያለ ራሱን ይስታል፣ ሊያወጣው የገባውም እዚያው ይቀራል ብሎ አስረዳን። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ከዚያ ሾፌሩ ውሃ ጨመረበት፣ ፓምፑን ገልብጦ አየር ወደ ታች ነፋበት፣ በረጅም እንጨት አማሰለው፣ እንደገና ሳበው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀበት። ጎማው ሁለቴ ተዘጋ፣ የወጣው ዳይፐር፣ ሞዴስና ፌስታል ነው። እባካችሁ ተከራዮቻችሁን ንገሩ፣ ይሄ ነገር አይሟሟም።

በአንድ ቢያጆ አላለቀም። ሌሊት ወንዝ ውስጥ የሚደፉ አሉ ሲባል ስለምሰማ የት እንደሚወስደው ጠየቅኩት። ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ነው አለኝ። ደፍቶ ተመለሰ፣ ሁለተኛውን ሞላ፣ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ጠርቶ ታችኛውን ወለል በባትሪ አሳየኝ፣ የፈሰሰውንም በበረኪና አጥበውልን ሄዱ። የከፈልነው ጠዋት የተስማማነውን ነው፣ አንድ ብር አልጨመረም።

እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። እሱና ረዳቱ ታጥበውም ልብሳችን ይሸታል ብለው ደጅ ላይ ሊቆሙ ሲሉ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። «የእኛን ነው የተሸከማችሁልን ልጆቼ» አለቻቸው። ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ግቢያችሁ ከመኪና መንገድ ስንት ሜትር እንደሚርቅና መጨረሻ ያስመጠጣችሁት መቼ እንደሆነ ንገሩት፣ ጎማ አስቦ ይመጣል። እስኪፈስ ደግሞ አትጠብቁ።