ማኮንዶን ያነበበና ማኮንዶን ያየ

የኮሎምቢያዊው ደራሲ የገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ወደ ተከታታይ ፊልም ተለውጦ የመጀመሪያዎቹ 8 ክፍሎች በኔትፍሊክስ የቀረቡት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። እኔ ስምንቱንም ያየሁት ከታላቅ እህቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እህቴ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን በፊት የደራሲውን ስም እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ወንድሜ ሁለተኛውን አሁኑኑ እንድንቀጥል ለመነን፤ እህቴ ደግሞ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወጣችና የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። ይህ ሥራ አንባቢውንና አዲሱን ተመልካች ለምን እንደለያየ የገባኝ በዚያች ምሽት ነው።

እህቴ ያነበበችው የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ብዙ አንባቢዎች በቃላቸው የያዙት ነው። ኮሎኔል አውሬሊያኖ ቡዌንዲያ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊረሽኑት በተደገኑ ጠመንጃዎች ፊት ቆሞ፣ አባቱ በረዶ ሊያሳየው ይዞት የሄደበትን የሩቁን ቀን እንደሚያስታውስ ይነግረናል። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ዘመን አለ፦ ተራኪው የሚናገርበት፣ ገና የሚመጣው የጠመንጃው ቀን፣ ያለፈው ልጅነት። መጽሐፉ እስከ መጨረሻው የሚጓዘው እንዲህ ነው፤ ሰው ሳይሞት አሟሟቱን፣ ልጅ ሳይወለድ ዕጣውን እየነገረን፣ ደግሞ ተመልሶ ከጅምሩ እያነሣ ይቀጥላል። ተከታታዩ ይህን የተጠላለፈ ድር ፈትቶ በአንድ መስመር ዘርግቶታል። እርግጥ ነው፣ የሚከፈተው ፈራርሶ ጉንዳን በወረረው ቤትና ዘላኑ ጠቢብ ሜልኪያዴስ የጻፈውን ብራና በሚያነብ ሰው ስለሆነ መጨረሻውን ከመነሻው ጋር ለማሰር ሞክሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ በቅደም ተከተል ይፈስሳል። ሆሴ አርካዲዮ ቡዌንዲያና የሥጋ ዘመዱ ኡርሱላ ኢጓራን ይጋባሉ፤ እርሱ በዶሮ ውጊያ ሰበብ በተነሣ ጠብ ፕሩዴንሲዮ አጊላርን በጦር ወግቶ ይገድላል፤ የሟቹ መንፈስ እረፍት ሲነሣቸው ቀያቸውን ጥለው ይሰደዳሉ፤ ማኮንዶ የተባለችውን መንደር ይቆረቁራሉ። በመጽሐፉ ይህ ሁሉ የሚመጣው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ ማኮንዶ ከሃያ የጭቃ ቤቶቿ ጋር ቀድማ ቆማ፣ በረዶውም ታይቶ ካለቀ በኋላ።

በዚህ ነጥብ እኔ ከእህቴ ወገን ነኝ። ልጁ አውሬሊያኖ አንድ ቀን በጠመንጃ ፊት እንደሚቆም አስቀድመን ስናውቅ፣ በወርቅ መሥሪያው ክፍል ጥግ ዝም ብሎ የሚቀመጥባቸው ቀናት ሁሉ ጥላ ያጠላባቸዋል፤ ቅደም ተከተሉ ሲስተካከል ያ ጥላ ይሳሳል። ይሁን እንጂ የወንድሜንም ጥቅም መካድ አልችልም። ስሞቹ በየትውልዱ እየተደጋገሙ፣ አያትና ልጅ የልጅ ልጅም ሆሴ አርካዲዮ ወይም አውሬሊያኖ እየተባሉ በሚጠሩበት ቤተሰብ ውስጥ፣ ብዙ አንባቢ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ወደ ታተመው የዘር ሐረግ እየተመለሰ ጣቱን ሲያስኬድ ይከርማል። በስክሪን ላይ ግን እያንዳንዱ ስም የራሱ ፊት አለው። ወንድሜ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አንድም ጊዜ አልጠየቀንም።

ፊት መኖሩ ራሱ ግን ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ ያሳሰበው ጉዳይ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 በቦነስ አይረስ ከታተመ ጀምሮ፣ ጋርሲያ ማርኬዝ በ1982 የኖቤል ሽልማትን ከተቀበለም በኋላ፣ በ2014 እስካረፈበት ዓመት ድረስ ይህን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ ለመጡት ሁሉ ፈቃዱን ነፍጓል። አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን በአጎቱና በአያቱ፣ በሚያውቃቸው ሰዎች መልክ እየሣለ እንዲያነብ ይፈልግ ነበር፤ የአንድ ተዋናይ መልክ አንዴ ከተቀመጠ ሌላው ሁሉ እንደሚጠፋ ያምን ነበር። እኛም ይህን ስሜት እናውቀዋለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ያዳመጠ ሰው ጉዱ ካሣን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው ቃሉን ሲናገርለት ጆሮው እሺ አይለውም። ስለዚህ የጋርሲያ ማርኬዝ ልጆች፣ ሮድሪጎና ጎንዛሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኔትፍሊክስ ፈቃድ መስጠታቸው ሲሰማ ብዙ አንባቢ የአባትን ቃል እንደ መሻር ቆጥሮት ቢያዝን አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ከአባታቸው ሥጋት ውስጥ ቁልፍ የሆኑትን አክብረዋል፦ ታሪኩ በሁለት ሰዓት ፊልም አልታፈነም፣ በስፓኒሽ ተሠራ፣ በኮሎምቢያ ምድር ተቀረጸ። ሌላው ታላቅ ልብ ወለዱ፣ የኮሌራው ዘመን ፍቅር፣ በ2007 በእንግሊዝኛ ፊልም ሆኖ ምን ያህል ነፍሱን እንዳጣ ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዝግጅቱን ጥራት በተመለከተ ብዙ ክርክር ያለ አይመስለኝም። ማኮንዶ የተሠራችው በቶሊማ ግዛት በአልቫራዶ አቅራቢያ ነው፤ ከጥቂት የጭቃ ጎጆዎች ተነሥታ ከዘመን ዘመን እየሰፋች ስትሄድ በዓይናችን እናያለን። አርጀንቲናዊው አሌክስ ጋርሲያ ሎፔዝና ኮሎምቢያዊቷ ላውራ ሞራ ክፍሎቹን ተካፍለው አዘጋጅተዋቸዋል። ካሜራው በቡዌንዲያ ቤት ውስጥ ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ደጅ ሳይቆረጥ ሲዞር፣ ቤቱ ራሱ ዋናው ገጸ ባሕርይ መሆኑ ይገባናል። በዕድሜ የገፋችውን ኡርሱላን የተጫወተችው ማርሌይዳ ሶቶ ከሁሉም በላይ አስደንቃኛለች፤ ዱቄት ስታቦካ፣ ጓዳ ስታዝዝ፣ ያበደ ባሏን ከቼስትነት ዛፍ ሥር ታስሮ ስታይ ቤቱን በትከሻዋ የተሸከመች እናት መሆኗን አንዲት ቃል ሳትናገር ታስረዳለች። ኮሎኔሉን የተጫወተው ክላውዲዮ ካታኞም የሚያስፈራ ዝምታ አለው።

የሚከብደው ጥያቄ ተአምራቱ ናቸው። በመጽሐፉ ተአምር የሚነገረው የዳቦ ዋጋ በሚነገርበት ድምፅ ነው፤ የመጽሐፉም ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል። የቡዌንዲያ ቤተሰብ የሚያሳድጋት ሬቤካ የወላጆቿን አጥንት በከረጢት ይዛ ትመጣለች፣ አፈር ትበላለች፤ ተራኪው አይደነግጥም። አባ ኒካኖር ቸኮሌት ጠጥተው ከመሬት ከፍ ይላሉ፤ ተራኪው አይደነግጥም። ፊልም ግን ማሳየት አለበት፣ ሲያሳይ ደግሞ ይዘገያል፣ ሲዘገይ «ተመልከቱ፣ ተአምር መጣ» የሚል ይመስላል። ከመጽሐፉ ጋር የኖሩ ተመልካቾች ሳቁ ቀርቷል ብለው የሚያዝኑት ከዚህ የተነሣ ነው፤ እውነት አላቸው። መጽሐፉን ሳነብ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስቄአለሁ፤ ተከታታዩን ሳይ የሳቅሁት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ከቃሉ እኩል ቆሟል። ልጁ ሆሴ አርካዲዮ በመኝታ ክፍሉ ሲሞት የደሙ ክር ከበር ሥር ይወጣል፣ መንገድ ያቋርጣል፣ ማዕዘን ይዞራል፣ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። መጽሐፉ ደሙ ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ እንዳለፈና ኡርሱላ ለዳቦ ሠላሳ ስድስት እንቁላል ልትሰብር ስትል እንደደረሰባት ይተርካል። ተከታታዩ ደሙን መሬት ለመሬት ይከተለዋል። ወንድሜ እዚህ ቦታ ላይ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ አልጠየቀም፤ «ልታገኘው ነው» አለ፣ እንደ ሚስጥር፣ ቀስ ብሎ። ልጅ ሲሞት እናት በደሟ ታውቃለች የሚለው ነገር ለእርሱ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ተራኪው ድምፅ ሌላው የመለያያ ነጥብ ነው። መጽሐፉን የሚወዱ ብዙዎች የደራሲውን ዓረፍተ ነገሮች በመስማታቸው ተደስተዋል፤ እኔ ግን በዓይኔ የማየውን ነገር ድምፁ ደግሞ ሲነግረኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። የእንቅልፍ ማጣት ወረርሽኙን ተመልከቱ። ሰዎቹ የነገሮችን ስም መርሳት ሲጀምሩ በየዕቃው ላይ ስሙን እየጻፉ ይለጥፋሉ፤ ላሟ አንገት ላይ ደግሞ ምን እንደሆነችና በየጠዋቱ መታለብ እንዳለባት የሚገልጽ ጽሑፍ ይሰቅላሉ። ይህ ለምስል የተፈጠረ ትዕይንት ስለሆነ ተራኪው ዝም ቢል ኖሮ የበለጠ ይወጋን ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ የሬሜዲዮስ ሞስኮቴ ነገር ነው። በመጽሐፉ አውሬሊያኖ በፍቅር ሲወድቅላት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አሻንጉሊት ትጫወታለች፣ አልጋዋ ላይ ትሸናለች። በወረቀት ላይ እነዚህን መስመሮች በፍጥነት አልፈናቸው ይሆናል። በስክሪን ላይ ግን የልጅ ትከሻ፣ የልጅ እጅ፣ የልጅ ፊት አለ፤ አዘጋጆቹ በጥንቃቄ ቢያቀርቧትም ማለፍ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ተከታታዩን ያቋረጡ ተመልካቾችን አልወቅስም። የልጅነት ጋብቻ በዘመዶቻችን ታሪክ ውስጥ ላለን ሰዎች ደግሞ ይህ የሩቅ አገር ልማድ አይደለም። እህቴ በዚያ ክፍል መሃል ተነሥታ ወጥ ቤት ሄደች፤ ውኃው ሲንቆረቆር እየሰማን ሁለታችንም ዝም አልን። አያታችን ስታገባ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነበር።

ለማየት ላሰባችሁ የምመክረው ይህን ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ የተለወጠውን ትታችሁ ዋናውን ስፓኒሽ በግርጌ ጽሑፍ ተመልከቱ፤ የኡርሱላ ቁጣና በካርታ ዕጣ የምታነበው የፒላር ተርኔራ ሳቅ በሌላ ሰው ድምፅ ሲመጣ ግማሹ ይቀራል። ግልጽ የወሲብ ትዕይንቶች በርከት ያሉ በመሆናቸው ልጆችና ወላጆች በተሰበሰቡበት ሳሎን የሚከፈት አይደለም። በአንድ ሌሊት ስምንቱንም ለመጨረስ መሞከርም ሥራውን መበደል ነው፤ አብዛኞቹ ክፍሎች ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጉ ስለሆኑና ሁነቱም የተጨናነቀ ስለሆነ በምሽት አንድ ክፍል ይበቃል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አስቀድሞ ማንበብ አለበት ብዬ አልከራከርም፤ ያነበበ ሰው ግን ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ አኩርፎ እንዳይተወው እለምነዋለሁ።

ይህን የምለው በስምንተኛው ክፍል ምክንያት ነው። ሆሴ አርካዲዮ ቡዌንዲያ ሲሞት በማኮንዶ ላይ ትንንሽ ቢጫ አበቦች ሌሊቱን ሙሉ ይዘንባሉ። እህቴ ሰባት ምሽት ሙሉ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንዳንዴም ገጽ እየገለጠች ስታስተያይ ነበር የቆየችው። በዚያን ምሽት ግን አልገለጠችውም። ትዕይንቱ ካለፈ በኋላ ወንድሜ በመጽሐፉም እንዲህ እንደሆነ ጠየቃት፤ እርሷም በማግስቱ የቀብሩ ሰልፍ እንዲያልፍ ሰዎች አበባውን በአካፋና በመንሽ ከመንገድ ላይ መጥረግ እንደነበረባቸው ነገረችው፣ በቃሏ፣ መጽሐፉን እንደ ዘጋችው።