ዩዋን ፕላስን በሐረጎ ዳገት፦ ስለ ባትሪዋ ያየሁትን ልንገራችሁ

መኪናዋ የቻይና ገበያ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ናት፣ ባትሪዋ ትልቁ፣ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት እሚይዘው። እምኖረው ደሴ ነው፣ ስራዬ ኮምቦልቻ፣ ክረምቱንም በጋውንም ስለነዳኋት አሁን በድፍረት መናገር እችላለሁ። በጣም ነው የወደድኳት። ግን ወሎ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኪና እሚገዛ ሰው ከኪሎሜትሩ በፊት ከፍታውን ይጠይቅ፣ ይሄን ሻጭ አይነግራችሁም፣ ለኔም የነገረኝ የለም።

ሲሸጡላችሁ 510 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይሏችኋል። ቁጥሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም፣ ሲኤልቲሲ እሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ በዝግታ እየተነዳ፣ ዳገት እሚባል ነገር ሳይኖር እሚለካ። ይሄው መኪና በዚሁ ባትሪ አውሮፓ ውስጥ አቶ 3 ተብሎ ሲሸጥ በነሱ ደብሊውኤልቲፒ መለኪያ 420 ነው የተጻፈለት። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ስመላለስ፣ በየመሀሉ ሐይቅ ደርሼ ስመጣ ምናምን፣ ከመቶ እስከ ዜሮ ቢሰላ ከ350 እስከ 380 ነው እማገኘው። ስክሪኑ ግን መቶ ፐርሰንት ላይ ሁሌም 510 ነው እሚለው፣ እዛች ቁጥር ላይ አይናችሁን አትጣሉ፣ ፐርሰንቱን እዩ።

ደግሞ ማን ነው ባትሪውን ከመቶ እስከ ዜሮ እሚጠቀመው? እኔ ከ15 በታች አላወርዳትም፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከ90 በላይ አልሞላትም (ምክንያቱን እነግራችኋለሁ)። ስለዚህ በእጄ ያለው 75 ፐርሰንቱ ነው፣ 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ይሄ በኛ መንገድ ወደ 270 ኪሎሜትር ነው። ለኔ ኑሮ ከበቂ በላይ ነው ግን መኪና ስትመርጡ በዚህ ቁጥር ነው ማሰብ ያለባችሁ። ሁለት መኪና ስታወዳድሩም የተጻፈው ጠቅላላው ነው ወይስ ለነጂው የተለቀቀው ብላችሁ ጠይቁ፣ የአውሮፓው ቮልስዋገን አይዲ 4 ለምሳሌ ትልቁ ባትሪ ጠቅላላው 82 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ለነጂው የተለቀቀው 77 ነው፣ ቀሪውን ሲስተሙ ባትሪው እንዳይጎዳ ብሎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሐረጎ፣ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ወዳለው ዳገት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ መሀላቸው 25 ኪሎሜትር ብትሆን ነው። ይቺን የምታክል መኪና ከነሰው 650 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ፣ የጎማውና የአየሩ ግፊያ ሳይቆጠር፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፣ ይሄ የፊዚክስ ህግ ነው፣ የትኛውም መኪና አያመልጠውም። እና ጠዋት ስወርድ ከ1 እስከ 3 ፐርሰንት ነው እሚቀንሰው፣ ማታ ስወጣ ግን ከ10 እስከ 12። አንድ መንገድ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር! መጀመሪያ ላይ ኮምቦልቻ ወርዶ "ኧረ ምንም አልበላችም" ብሎ እሚደሰት ሰው የመልሱን ዳገት ይጠብቅ፣ ሂሳቡ እዛ ላይ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬን ሳልነካ ነው እምወርደው ማለት ይቻላል፣ የአይሱዙዎቹ ፍሬን ሽታ መንገዱን ሞልቶት እኔ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስቼ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ። ግን ደሴ ላይ መቶ ሞልታችሁ ከወጣችሁ ይሄ አይሰራም። የሞላ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ይፈሳል እንጂ አይገባም፣ ባትሪውም እንደዛው ነው፣ ቦታ ከሌለው ሲስተሙ መሙላቱን ያቆመዋል፣ ሞተሩም መኪናዋን አይይዛትም፣ ሙሉ ስራው ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደሴ 90 ላይ እማቆመው ለዚህ ነው። ባትሪዋ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት እሚባለው አይነት) ስለሆነች ደግሞ በሳምንት አንዴ መቶ መሙላት ይመከራል፣ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ መሀል ላይ ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ ፐርሰንቱን በትክክል እሚያስተካክለው ጫፍ ሲደርስ ነው። ያንን እኔ ኮምቦልቻ መስሪያ ቤት አርጋለሁ፣ ከዛ መልሱ ዳገት ስለሆነ ቦታው ወዲያው ይለቀቃል።

ቻርጅ ላይ ብዙ ሰው ስለ ፈጣን ቻርጀር ነው እሚያወራው፣ የኛ ኑሮ ግን የቤት ሶኬት ነው። አብሯት የመጣችው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ነው እምትሰጠው፣ ከ40 እስከ 90 ለመሙላት 30 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ የሚባክነው ሲጨመር 15 ሰዓት አካባቢ ነው። ባለ 32 አምፒሩ ግድግዳ ላይ እሚሰቀለው 7 ኪሎዋት ስለሚሰጥ 5 ሰዓት አይሞላም። ማታ ሰክቼ ነው እማድረው፣ መኪናዋ ከመንገድ ገብታ ባትሪው ሞቅ እንዳለ ቢሰካ ጥሩ ነው፣ በተለይ ጥቅምትና ህዳር የደሴ ብርድ ሲበረታ፣ የቀዘቀዘ ኤልኤፍፒ ቀስ ብሎ ነው እሚቀበለው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፣ ምጣዱና ቻርጀሩ አንድ ላይ ከገቡ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ሽቦው ይግላል። እኛ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪናዋ ትጠብቃለች፣ አለቀ። በዲቫይደር እሚሰኩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ወላሂ ቤታችሁን ታቃጥላላችሁ፣ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ ከነብሬከሩ አዘርጉ፣ ግራውንድም አስቀብሩ፣ ብዙ ቤት ግራውንድ የለውም፣ ቻርጀሯ ደግሞ ግራውንድ ካጣች ቀይ መብራት አብርታ እምቢ ትላለች። ቻርጀሯ ተበላሸች ብለው ሲጨነቁ ካገኘኋቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይሄ ነበር።

ከፍታው የጠቀመን ነገርም አለ፣ መነገር አለበት። የቤንዚን ሞተር ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ አቅሙ በደንብ ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፣ ሐረጎን ስትወጣ ጉልበቷ ያው ነው፣ እንደውም የሳሳው አየር ፊት ለፊት እሚገፋትን ይቀንስላታል።

አዲስ አበባ በአንድ ቻርጅ ይደረሳል ወይ ለምትሉ፣ እኔ አልሞክረውም። 400 ኪሎሜትር ነው፣ ግን ኪሎሜትሩን ተዉትና ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ሆና ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ናት፣ እሷን ዳገት ለመውጣት ብቻ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ ከባትሪው 16 ፐርሰንት ገደማ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከፍ ያለች ስለሆነች እንደ ሐረጎ ቁልቁለት አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ዳገቱን ሳትጀምሩ ከ60 በላይ ይዛችሁ ሁኑ፣ ከሌላችሁ ሸዋ ሮቢት ምሳ እየበላችሁ ሰክታችሁ ጠብቁ፣ በፈጣን ቻርጀርም ቢሆን ከ80 በኋላ ስለሚዘገይ እዛ ላይ ነቅላችሁ ሂዱ።