ለድሮ ቮልስ ፍሬንና መሪ፦ ኦርጅናሉን ማደስ፣ ዲስክ መግጠም ወይስ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሚነዳ ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንደኛው «ትሸጣታለህ?» ነው። ሁለተኛው «ፍሬኗ ግን ይይዛል?»። መኪናዋን ሁሉም ይወዳታል። ጃንሆይ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ፍሬኗ ላይ ግን ሐሜቱ ብዙ ነው፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የጥገና ጉድለት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የያዛችሁትን እወቁ። ሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አትመኑ። እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው ከስንቱ ቮልስ አካል ተውሰዋል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እስከ 1965 ሞዴል የፊት እግራቸው ኪንግ ፒን (እግሩ የሚዞርበት ቀጥ ያለ ፒን) ነው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት (ክብ ራስ ያለው መገጣጠሚያ) ሆኗል። ጎማው የሚታሰርበት ቡሎን በአብዛኛው እስከ 1967 ሞዴል አምስት፣ ከዚያ ወዲህ አራት ነው። የአንዱ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ለሌላው አይሆንም። ይህን ሳያውቁ ሶማሌ ተራ ወርዶ «የቮልስ ፍሬን አለ?» ማለት ገንዘብ መበተን ነው።

ፍሬን

ኦርጅናሉን ታምቡር ማደስ ከሦስቱ ርካሹ ነው፤ ከተማ ውስጥ ለሚነዳም የምመርጠው እሱን ነው። ሥራው አዲስ ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዘው)፣ አዲስ የጎማ ሲሊንደሮች (በየጎማው ሸራውን የሚገፉት)፣ አዲስ ቱቦዎች፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ነው። «ቮልስ ፍሬን የለውም» ከሚባልባቸው መኪኖች ብዙዎቹ የጎደላቸው ማስተካከል ብቻ ነው። ሸራው ሲበላ ራሱን አያስጠጋም፤ ሰው ነው የሚያስጠጋው። መኪናው በክሪክ ይነሳል። ካቻቢቴ በትንሿ ቀዳዳ ይገባና ጥርሷ ጎማው እስኪይዝ ድረስ ትዞራለች። ከዚያ ጎማው ነጻ እንዲሆን ሦስት አራት ጥርስ ትመለሳለች። እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለው፤ አንዱን ብቻ ነክቶ የሚተው መካኒክ አለ፤ አጠገቡ ቁሙ።

በዚሁ ወጪ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። የቆዩት ቮልሶች ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ነጠላ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ባዶ ይቀራል። ፋብሪካው ከ1967 እና 1968 ሞዴሎች ወዲህ ባለ ሁለት መስመር አድርጎታል፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይይዛል። በጀታችሁ ለአንድ ማሻሻያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከዲስክ በፊት ይህን ግዙ። ሲገጠም በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መሀል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ክፍተቱ ከሌለ ፍሬኑ እየተነዳ ቀስ በቀስ ራሱን ይይዛል፣ ይግላል።

ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ፓድ የሚያዝበት ፍሬን) የሚያሸንፈው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ዲስክ ሲግል ግን የሚወፍረው ወደ ፓዱ ነው። የዓባይን በረሃ ወይም ጣርማ በርን አዘውትሮ የሚወርድ ሰው ዲስክ ቢያምረው አልፈርድበትም። ፋብሪካውም ራሱ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ለ1500ው ቮልስና ለካርማን ጊያ የፊት ዲስክ መግጠም ጀምሯል።

ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር ግን አለ። ታምቡር ውስጥ ጎማው ሲዞር ሸራውን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እግራችሁን ያግዛል ማለት ነው። ዲስክ ይህ የለውም። ፔዳሉ ይከብዳል። «ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ) እንጨምርበታ» ይላችኋል። ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ጀርመን ውስጥ የተሞከረው እርዳታ እዚህ ተቀንሶ ነው የሚደርሳችሁ። ስለዚህ ዲስክ እንገጥማለን ካላችሁ ሙሉውን ከእነ ማስተር ሲሊንደሩ ግዙ። የታምቡሩ ማስተር ሲሊንደር መስመሩ ላይ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ዲስክ ላይ ከተተወ ፓዱ አይለቅም። ከመክፈላችሁ በፊት ጎማውን ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚገፋም ጠይቁ። ፓራፋንጎ የሚነካ አለ።

ሦስተኛው ቶርኖ ቤት ነው። የቶርኖ ባለሙያዎቻችንን አቃልዬ አላይም፤ እነሱ ባይኖሩ ግማሹ ቮልስ ቆሟል። የምመራበት ደንብ አጭር ነው፦ የሚጫነውን ቶርኖ፣ የሚጎተተውንና የሚጣመመውን ፋብሪካ። ሞላላ የሆነ ታምቡር ማስቆረጥ ጥሩ ነው፤ ከተፈቀደው ልክ እስካልሳሳ ድረስ። የዲስኩን ካሊፐር (ፓዶቹን የሚይዘውን መቆንጠጫ) የሚሸከም ብረት ግን ከላሜራ በእሳት ተቆርጦ ሲቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስትቆሙ የፊት ጎማው ኃይል በሙሉ በዚያ ብረት ይተላለፋል። የውስጥ ማዕዘኑን በጥፍር ዳስሱት። ክብ ሳይሆን ስለት ከሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ቀዳዳዎቹ ትንሽ ቢዛነፉ ደግሞ ፓዱ በአንድ ጎን ይበላል። ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ ተቀዶ የተሠራ ጎሚኒ፣ ከፍሪጅ የተረፈ የመዳብ ቱቦ፣ በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት፦ ሦስቱንም በነጻ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

መሪ

እዚህ ላይ ፍርዴ ይገለበጣል፤ ቶርኖው ያሸንፋል።

መሪው ሲላላ ሁሉም የሚሮጠው የመሪ ሳጥኑን ሊያጠብቅ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው መሪውን በጥቂቱ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፣ እናንተ ከታች ተኝታችሁ እዩ። የመሪው ጫፍ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ እንቅስቃሴ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ በመሪው ዘንግና በሳጥኑ መሀል ያለችው ክብ የጎማ ማያያዣ ተሰንጥቃ ይሆናል፤ ርካሽ ናት። ቀጥሎ የታይ ሮድ (ከመሪ ሳጥኑ ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄደው ዘንግ) ጫፎች ናቸው። ሳጥኑ መጨረሻ ነው። መሀሉ ያለቀ ሳጥን ሲጠብቅ ቀጥታ መንገድ ላይ ደስ ይላል፣ መታጠፊያ ላይ ግን ይይዛል። እንዲህ ከሆነ ሳጥኑን መለወጥ ነው።

ኪንግ ፒን ላላቸው ቮልሶች ጥሩ ቶርኖ ቤት የሚቀርጸው የነሐስ ቦኮላ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) ከብዙ የኮፒ መለዋወጫ ይሻላል፤ በፒኑ ልክ ይሠራላችኋልና። የቅባት መንገዱን እንዳይረሳ አሳስቡት። ስትቀቡም ፊቷን በክሪክ አንሱ፤ ክብደቱ ካልተነሳ ቅባቱ በተጫነው በኩል አይገባም።

ከሌላ መኪና ራክ (ጥርስ ባለው ዘንግ የሚሠራ መሪ) አምጥቶ መበየድ ግን ይቅር። ፋብሪካው ራክ የሰጠው 1303 ለተባለው ቮልስ ብቻ፣ እሱም ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ የዚያ መኪና የፊት እግር አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። በአሮጌው ላይ የታይ ሮዶቹ ርዝመት ከእግሩ እንቅስቃሴ ጋር ካልገጠመ ጉድጓድ ባገኛችሁ ቁጥር መኪናዋ ራሷን ትመራለች። የተበየደ ታይ ሮድም ያው ነው፤ ቀጥታ ይተው።

አሜሪካ ወይም ጀርመን ዘመድ ካላችሁ ሻንጣው ውስጥ ቀላሉን አስገቡ፦ የጎማ ሲሊንደር፣ ቱቦ፣ ማስተር ሲሊንደር፣ ታይ ሮድ። ሁለት የብረት ዲስክ ከ23 ኪሎው ላይ ብዙ ይበላል። የፍሬን ዘይት ግን አታስመጡ፤ እዚሁ ያልተከፈተ ዶት 4 ግዙ። መሪ ከተነካ በኋላ ከጋራዡ በቀጥታ ወደ አሌንታመንት ሂዱ፤ አዲስ ጎማ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከአሌንታመንቱ በፊት አስገጥሙት።