ዶልፊን፣ ሃርድቶፕ ወይስ ቅጥቅጥ? መኪና ውስጥ እያደራችሁ ለመዞር ካሰባችሁ

እዚህ ሐዋሳ መኪና ውስጥ እያደርኩ ነው የምዞረው ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የት ታድራለህ? አትፈራም?» ብሎ ነው፣ የመኪናው ዓይነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለኔ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። እኛ ሀገር ለሞተርሆም ተብሎ ውሃና መብራት የተዘረጋለት ማቆሚያ በየከተማው የለም፣ ስለዚህ የምታድሩት ወይ ፔንሲዮን ግቢ ውስጥ ነው ወይ ላንጋኖ ዳር ነው ወይ ዲንሾ ፓርኩ ጋ ነው፣ መኪናው ለዚህ ካልተመቸ ፍሪጅና ሶላር ብትደረድሩበት ምንም አይጠቅማችሁም።

እኔ ያለኝ ዶልፊን ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለው የቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ) ነው፣ ሃርድቶፕ (ባለ አራት ጎማ ነጂውን ላንድክሩዘር) ደግሞ ከባለቤቴ ወንድም ተውሼ ሩፍ ላይ ድንኳን የተገጠመበትን ባሌ ድረስ ነድቼዋለሁ፣ ቅጥቅጥ (በጭነት መኪና ሻሲ ላይ የተሠራው መለስተኛ አውቶቡስ) ውስጥም ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ።

ከዶልፊኑ ልጀምር፣ ብዙ ማለት የምችለው በሱ ነው። ትልቁ ነገሩ ከሹፌር ወንበር ሳትወርዱ ወደ ኋላ ተሻግራችሁ በር ቆልፋችሁ መተኛት መቻላችሁ ነው። ዲላ ስሄድ (ከሐዋሳ 90 ኪሎሜትር ቢሆን ነው) አንድ ፔንሲዮን ግቢ አስገባለሁ፣ እራት እዚያው አዛለሁ፣ ለማደሪያው የተስማማነውን ከፍዬ ለዘበኛው የሻይ እሰጣለሁ፣ መጋረጃውን ስዘጋ ከውጭ የቆመ ሚኒባስ ነው የሚመስለው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጠዋት በሩን ሸርተት ሳደርገው የሚቆላ ቡና ሽታ ነው የሚገባው፣ ልጆቹን የሚቀሰቅሳቸውም እሱ ነው። ጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድሩ መስከረም 2016 ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል፣ እንሰቱ ቡናው ትልልቁ ዛፍ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚበቅለው፣ ቱቱ ፈላ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ለማየት ግን ከአስፋልቱ መውጣት አለ፣ እዚያ ላይ ነው የዶልፊን ችግሩ የሚመጣው። የኋላ ጎማው ነው የሚገፋው፣ ከታች ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ በክረምት ቀዩ ጭቃ ላይ ከገባችሁ የሰፈር ልጆች ናቸው ገፍተው የሚያወጧችሁ። እኔ አሁን ጭቃ ካለ መኪናውን ከተማ አቁሜ በሞተር ነው የምሄደው፣ ተመልሼ ደግሞ ይርጋለም ላይ ቡርሳሜ በልቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ላንጋኖም አሸዋው ላይ አትጠጉ፣ ደረቁ ሳር ላይ አቁማችሁ በእግር ውረዱ፣ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ሰው በነፃነት የሚዋኝበት ሐይቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ የዶልፊን ሞተር ያለው ከፊት ወንበሩ ስር ነው። ረጅም መንገድ ነድታችሁ ወዲያው ለመተኛት ብትሞክሩ ውስጡ ምድጃ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል በር ከፍታችሁ አናፍሱት። ስትገዙም ቦዲውን ለዩ፣ ጠባቡ ከውጭ 1.69 ሜትር ገደማ ነው ስፋቱ፣ ሰፊው 1.88 ነው፣ በጠባቡ ወደ ጎን መተኛት የማይታሰብ ነው በቁመት ብቻ ነው አልጋ የሚሠራው፣ አራት ቤተሰብ ከሆናችሁ ሰፊውን ፈልጉ።

ሃርድቶፑ ሌላ ዓለም ነው። በሻሸመኔ በኮፈሌ በዶዶላ አድርገን ዲንሾ ስንገባ ደጋ አጋዘኖቹ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር፣ ጭቃውም ድንጋዩም ለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ሁለቱ ታንከር ተደምሮ 180 ሊትር ናፍጣ ስለሚይዝ ማደያ ሰልፍ ባለበት ሰሞን እንኳ ሃሳብ አይገባችሁም (የዶልፊኑ 70 ሊትር ነው)። ሳነቴ (የባሌ ተራሮች አምባው) ላይ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ያለ ተርቦ የሚሠራው 4.2 ሊትር ሞተሩ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ነው የወጣነው፣ ግን ወጣን። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ድንኳኑ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ነው ያነጋነው፣ ባለቤቴ ለሽንት ስትወርድ መሰላሉ በረዶ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ የረጠበውን ድንኳን እንደረጠበ ማጠፍ ግዴታ ነው። ከተማ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ መኪና ጣሪያ ላይ መውጣት እኔ አልወደውም፣ ልጆች ላሏችሁም አልመክርም። ዋጋውም ከሦስቱ የሚወደደው እሱ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ሀገር ውስጥ ያለውን ያገለገለ መኪና ነው ሁሉም የሚሻማው፣ ስለዚህ ብር አልጠራም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

ቅጥቅጡን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ቆማችሁ ትሄዱበታላችሁ፣ ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ይሠራበታል፣ ስምንት ሰው ያድራል፣ ግን ባሌስትራው ለጭነት ስለሆነ የተሠራው ባዶውን ያነጥራል፣ የትንሽ ከተማ ፔንሲዮን በር ላይ አይዞርም፣ በአውቶ መንጃ ፈቃድ ደግሞ አይነዳም። ለማኅበር ወይ ለአስጎብኚነት ከሆነ እሺ፣ ለቤተሰብ አይሆንም።

ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይሻላል የሚለኝም አለ። ከተማ ውስጥ አዎ፣ በነዚህ መንገዶች ላይ ግን ቻርጅ ማድረጊያው በበቂ እስኪገኝ እኔ አልገባበትም።

የትኛውንም ብትገዙ ሞዲፋይ ስታስደርጉ ቆማችሁ አሠሩ። የኔን ጣሪያ ለአየር ማስገቢያ የቀደደው ባለሙያ ሲሊኮኑን በስሱ ቀብቶት ነበር፣ ይርጋ ጨፌ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ቀጥታ የልጄ ትራስ ላይ ነበር የሚወርደው፣ ከስሩ ያለው ቺፑድ አብጦ ተፈረካከሰ፣ አሁን ሁሉንም በኮምፔርሳቶ ቀይሬዋለሁ። ሌላው ሊብሬው ነው፣ ወንበር ከመፍታታችሁና ቦዲ ከመቁረጣችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስፈቅዱ፣ ቦሎ ስታሳድሱ እንዳትቸገሩ። ከሁሉ በላይ ግን እባካችሁ ከሰል ውስጥ አታስገቡ! ኮፈሌ ብርዱ ቢያንቀጠቅጣችሁም፣ ለቡና ብላችሁም ቢሆን፣ በር ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል ሽታ ሳይኖረው ነው የሚገድለው። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍት ተዉት።

የኔ ምርጫ እንግዲህ ዶልፊን ነው፣ ምክንያቱም ሲበላሽ አለታ ወንዶም ሆነ አርሲ ነገሌ የሚያውቀው መካኒክ አለ፣ መለዋወጫው የሕዝብ ማመላለሻ ስለሆነ በየቦታው ይገኛል፣ የምሄድባቸው ከተሞችም አብዛኞቹ አስፋልት ላይ ናቸው። ሥራችሁ ወይ ፍላጎታችሁ ባሌ ውስጥ ውስጡን፣ ሶፍ ዑመር፣ ኦሞ ከሆነ ግን ዶልፊን ገዝታችሁ አትቃጠሉ፣ ብሩ እስኪሞላ ጠብቁና ሃርድቶፕ ግዙ።

ልታዩት ስትሄዱ ሜትርና አንድ ስስ ፍራሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ፣ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ሁለታችሁም ጎን ለጎን ተኝታችሁ እግራችሁ በሩን ይነካ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚወራው።