አራት ሳምንት በውጭ ሆስፒታል፦ የአይኤፍኤምኤስኤ የተማሪዎች ልውውጥ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ተማሪ

ሲ-ዋን ወይም ሲ-ቱ በሚባሉት የሆስፒታል ልምምድ ዓመታት ላይ ያለ የሕክምና ተማሪ ክረምቱን ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ ለማሳለፍ ቢፈልግ፣ በተማሪ አቅም የሚደፈረው ዋናው በር የዓለም አቀፉ የሕክምና ተማሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን የሚያካሂደው የክሊኒክ ልውውጥ ነው። ፌዴሬሽኑ በተለምዶ አይኤፍኤምኤስኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮፐንሃገን ላይ ተመሥርቶ ዛሬ ከ130 በላይ አገሮች የሚገኙ ማኅበራትን ያቀፈ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በሕክምና ተማሪዎች ማኅበሯ በኢምሳ በኩል አባል ናት። ልውውጡን የሚመራው ኮሚቴ ስኮፕ ይባላል፤ ለምርምር ብቻ የሚሄዱትን የሚያስተናግደው ስኮር ሌላ ነው፤ ቅጽ ስትሞሉ አታምታቱት።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለሚሰጠው ነገር የሚጠይቀው ዋጋ ትንሽ ነው፤ በዚህ የሚወዳደረው የለም። የጊዜ ሰሌዳው ግን የተሠራው ቪዛ በሁለት ሳምንት ለሚወጣለት ወይም ጭራሹን ለማያስፈልገው ተማሪ ነው። ይህን ቀድሞ ያላሰላ የኢትዮጵያ ተማሪ ሆስፒታል ተመድቦለት፣ አልጋ ተይዞለት እቤቱ ይቀራል።

የሚሰጠው ይኸው ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሳምንት፣ የሚከታተል ሐኪም፣ ማደሪያ፣ በሥራ ቀን ቢያንስ አንድ ምግብ፣ እንዲሁም ስትደርሱ የሚቀበላችሁ የአገሩ ተማሪ። የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ ኢንሹራንስና የቀረው ምግብ በእናንተ ነው። ማደሪያው ዶርም ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ተማሪ ቤትም ሊሆን ይችላል። ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። የሁለትዮሽ ከሆነ አንድ ተማሪ ይሄዳል፣ በምትኩ አንድ ይመጣል፤ ክፍያውም ለአገር ቤቱ ማኅበር ይፈጸማል። የአንድ ወገን ከሆነ የሚመጣ ስለሌለ ወጪው ከፍ ይላል። ማኅበራቱ ውል የሚፈራረሙት በየዓመቱ በነሐሴው ጠቅላላ ጉባዔ ስለሆነ፣ አምና ጣሊያን ወይም ቱርክ የተላከ ተማሪ መኖሩ ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። መስከረም ላይ የግቢያችሁን የልውውጥ ኃላፊ ጠይቁ፤ ጥር ላይ የሚጠይቅ የተረፈውን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። አስተናጋጁ ማኅበር የተቀባይነት ካርዱን ልውውጡ ሊጀመር ቢያንስ 8 ሳምንት ሲቀረው መላክ አለበት። ተማሪው ደግሞ የሚደርስበትን ቀን የሚገልጸውን የማረጋገጫ ካርድ ቢያንስ 4 ሳምንት ሲቀረው ይመልሳል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 (እ.ኤ.አ. 2024) ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የጋራ ቪዛ) መደበኛ የማጣሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቁጠሩ። ልውውጡ ሰኔ 24 (ጁላይ 1) የሚጀምር ከሆነ የተቀባይነት ካርዱ የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 28 ነው። በማግሥቱ ፋይላችሁን ብታስገቡ እንኳ 45ኛው ቀን ሰኔ 14 ላይ ይውላል። ‹‹እመጣለሁ›› ብላችሁ የምታረጋግጡት ግን ግንቦት 26 ነው። ማለትም ቪዛ ማግኘታችሁን ከማወቃችሁ 18 ቀን በፊት ታረጋግጣላችሁ። ለዚያውም በማመልከቻ ማዕከሉ ቀጠሮ በማግሥቱ ከተገኘ ነው፤ በክረምት ዋዜማ የሚገኝ አይመስለንም።

መፍትሔው 8 ሳምንቱን እንደ ቀነ ገደብ አለመቁጠር ነው። የሼንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ስለዚህ በአገር አቀፍ የልውውጥ ኃላፊያችሁ በኩል ለአስተናጋጁ ‹‹ለኢትዮጵያ ተማሪ ቪዛ 45 ቀን ይፈጃል፤ የተቀባይነት ካርዱና የግብዣ ደብዳቤው እስከ መጋቢት መጨረሻ ይድረሰን›› ተብሎ በጽሑፍ ይጠየቅ። ብዙዎቹ አስተናጋጆች ተማሪዎች ናቸው፤ እነሱ ቪዛ ስለማያስፈልጋቸው ችግሩን አያውቁትም፤ ሲነገራቸው ግን ይሮጣሉ። ቪዛው ሳይወጣ ማረጋገጫ የምትልኩ ከሆነ ውሳኔው እየተጠበቀ መሆኑን እዚያው ላይ ጻፉ፤ ቢከለከል ስረዛው በእናንተ ፈቃድ እንደተደረገ እንዳይቆጠር። ለኤምባሲ የሚቀርበውም የበረራ ቦታ ማስያዣ ይሁን። ትኬቱን ከቪዛው በፊት አትግዙ።

የቪዛው ፋይል ላይ ሦስት ነገር ደጋግሞ ያሰናክላል። አንደኛው ስም ነው። በፓስፖርቱ ላይ ‹ጸ› በሁለት የላቲን ፊደል፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ የአያት ስም በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ ትራንስክሪፕቱ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲታተም አድርጉ። ሁለተኛው ቀን ነው። የትውልድ ቀን በትምህርት ቤት መዝገብ በእኛ አቆጣጠር፣ በፓስፖርት በአውሮፓ ሲሆን በወረቀቱ ላይ የሁለት ሰው ፋይል ይመስላል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠቀስ ከግቢ የሚወጣ ደብዳቤ አይኑር። ሦስተኛው የዲን ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ‹‹ተማሪያችን ነው፣ ትብብር ይደረግለት›› የሚለው የተለመደ ደብዳቤ ለኤምባሲ የሚነግረው ነገር የለም። ደብዳቤው ተማሪው ስንተኛ ዓመት ላይ እንዳለ፣ የት ክፍል ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆይ፣ ልውውጡን ትምህርት ቤቱ እንደሚያውቀው፣ ከሁሉም በላይ የሚቀጥለው አታችመንት (የሆስፒታል ክፍል ልምምድ) የሚጀምርበትን ቀንና ተማሪው በዚያ ቀን መገኘት እንዳለበት ይግለጽ። ቪዛ የሚከለከለው አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ይመለሳል ብለን አላመንንም›› በሚል ነውና፣ ለዚያ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ተማሪ እጅ ላይ የለም።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 (እ.ኤ.አ. 2024) ጀምሮ 90 ዩሮ ቢሆንም፣ ለትምህርት ወይም ለትምህርታዊ ሥልጠና የሚሄድ ተማሪ በቪዛ ሕጉ ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ስለዚህ የጉዞውን ዓላማ ‹‹ጉብኝት›› ብላችሁ አትሙሉ። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ይህ ኢንሹራንስ ለቪዛው ነው፤ ሆስፒታሉ ለብቻው የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሊጠይቅ ይችላል።

አስተናጋጁ ሆስፒታል የክትባት ማስረጃ ይጠይቃልና ክትባቱን ከሁሉ አስቀድሙ፤ ቦታ ሳታገኙ ጀምሩት። ኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢን በፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ የክሊኒክ ተማሪ በልጅነቱ በመደበኛው ክትባት አላገኘውም። መጀመሪያ ለቫይረሱ ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ ሦስቱ መርፌ በ0፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር ይሰጣል፤ ከመጨረሻው ከ1 እስከ 2 ወር ቆይቶ ፀረ እንግዳ አካሉ ይለካል። ሐምሌ ላይ ሙሉ ወረቀት ለመያዝ የመጀመሪያው መርፌ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ መሆን አለበት። ውጤቱ በቁጥር ይጻፍ፤ የሚፈለገው በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ነው። ላብራቶሪው ‹‹ሪአክቲቭ›› ብሎ ብቻ ቢሰጣችሁ ቁጥሩን አስጽፉ፤ ያለ ቁጥር የሚመልሱት ሆስፒታሎች አሉ።

በልጅነት የተከተባችሁት የኩፍኝ ክትባትም ኩፍኝን ብቻ የሚከላከል ነበር። የሆስፒታሉ ቅጽ ሩቤላንና ጆሮ ደግፍንም ይጠይቃል፤ ቫሪሴላም (ቺክንፖክስ) በመደበኛው የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ አልነበረም። ለእነዚህ አይጂጂ የተባለውን የደም ምርመራ አሠርታችሁ በሽታውን የመከላከል አቅም ካላችሁ ውጤቱ ይበቃል። ለቲቢ የቆዳ ምርመራ ከማድረግ የደም ምርመራውን፣ ማለትም ኢግራን፣ እንመርጣለን። ሕፃን ሳላችሁ የተሰጣችሁ ቢሲጂ የቆዳውን ምርመራ ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ ኢግራን ግን አይነካውም። ኢግራው ፖዘቲቭ ከሆነ የደረት ራጅ ይከተላል፤ በእኛ ወርድ (የበሽተኞች መኝታ ክፍል) ውስጥ ለዓመታት ለተመላለሰ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጥንቃቄ፦ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላን በአንድ ላይ የያዘው ክትባት ሕያው ስለሆነ የቲቢ ምርመራን ሊያደበዝዝ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አድርጉ፤ ካልሆነም ከክትባቱ በኋላ 4 ሳምንት ጠብቁ።

ክፍል ስትመርጡ ቋንቋውን አስቡ። የጣሊያን ሆስፒታል ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ሥራ) በጣሊያንኛ ነው የሚካሄደው። የውስጥ ደዌ የመረጠ ተማሪ አራት ሳምንት ሙሉ የበሽተኛ ታሪክ ሳይገባው ቆሞ ሊከርም ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና፣ አንስቴዥያ ወይም ራዲዮሎጂ የመረጠው ግን ዓይኑ ብዙ ይማራል። እጃችሁን ምን ያህል እንደምታስገቡ የሚወስነው የአገሩ ሕግና የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው፤ እዚህ ሲ-ቱ ላይ የለመዳችሁትን ያህል አትጠብቁ። ወሩም ለውጥ ያመጣል። በኦገስት የጣሊያን ሐኪሞች በብዛት እረፍት ይወጣሉ፤ ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕሬሽንም ይቀንሳል። ክረምታችሁ ሁለቱንም ወር የሚፈቅድ ከሆነ ጁላይን ያዙ።

አሜሪካን የሚያስብ ተማሪ ሌላ በር ነው የሚፈልገው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ቪኤስኤልኦ የተባለ የማመልከቻ ሥርዓት አለው፤ ለመጠቀም ግን ትምህርት ቤታችሁ በመረቡ ውስጥ መግባት አለበትና የመጀመሪያው ጥያቄ የዲን ቢሮ ነው። ከጉብኝት ቪዛዎች አንዱ በሆነው በቢ-1 ቪዛ ኢሌክቲቭ (ተማሪው መርጦ የሚሠራው የሆስፒታል ልምምድ) መሥራት የሚፈቀደው በአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታል፣ ያለ ክፍያ፣ የዲግሪው አካል ሆኖ ሲሆን ነው። ተመርቆ ለሚያመለክት ሐኪም ይህ መንገድ አይሠራም። ከሐምሌ 2017 (እ.ኤ.አ. 2025) ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ የሚያገለግለውም ለ3 ወር ስለሆነ፣ እጅግ ቀድሞ ማውጣትም የቪዛውን ጊዜ ያቃጥላል። በገንዘብ የሚያስገቡ ኤጀንሲዎችም አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሆስፒታሉ ራሱ በማኅተም የጻፈውን ደብዳቤ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ላይ ‹‹ታዛቢ›› የሚል ከሆነ የከፈላችሁት ቆሞ ለማየት ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ከደረሳችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ አይረሳ፦ መርፌ ቢወጋኝ ወዴት ነው የምሄደው? ማን ይከፍላል? ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ ቢሮ መፈለግ አይቻልም። ሰርተፊኬት ለማግኘት 80 በመቶ መገኘት ያስፈልጋል፤ የመገኘታችሁንና የሠራችሁትን መዝገብ በየሳምንቱ አርብ አስፈርሙ። ሐኪሙ በአራተኛው ሳምንት እረፍት ቢወጣ ሌላው የማያውቃችሁ ሰው አይፈርምም። ማኅተሙ ሰማያዊም ይሁን ጥቁር፣ ሳይደበዝዝ መውጣቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አይታችሁ፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ውጡ።